ከስምንት እርምጃ ጥርት የሚሉት አቶ ባስልዮስ

አቶ ባስልዮስ ወርቅአገኘሁ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ወርቅአገኘሁ ባህሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺእመቤት በ1953 ዓ.ም. በጅግጅጋ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው፣ እርሳቸው ሒሳብ ቢወዱም በሒሳባቸው የሚፈልጋቸው መሥሪያ ቤት በመታጣቱ፣ በ1979 ዓ.ም. ፎቶ ቤት ከፈቱ።

ከዚያ ወዲህ፣ ሌንስ በእውነት የሚያጠራው አንድን ርቀት ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ ፊትና ኋላ ያለውን ጥቂት ስንዝር ግን ዓይን ይቅር ብሎ እንደሚያልፈው፣ የይቅርታውም ስፋት በሌንሱ ቀዳዳ፣ በፎቶው ትልቅነትና በተመልካቹ ርቀት እንደሚወሰን፣ ለመታወቂያ ፎቶ ለቸኮለ ደንበኛ ሳይቀር ሲያስረዱ ኖረዋል። ከሸደር የመጡ ስምንት የአንድ ቤተሰብ አባላትን በልብስ ሰፊ ሜትር ከሌንሱ እስከ እያንዳንዱ ቅንድብ ለክተው እስኪጨርሱ ሕፃናቸው ጥርስ አወጣ ተብሎ ተወርቷል፤ የፎቶው ጥራት ግን አልታማም።

ትዳርን በተመለከተ፣ የደገሀቡሯን ወይዘሪት እናትአለምን አጭተው፣ ለእጮኝነት ፎቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲለኳት፣ «ሜትርህን አግባ!» ብላቸው በዚያው ቀን አውቶቡስ ተመልሳለች። ልጅ አልወለዱም።

ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ስልክ ሁሉ የፎቶን ጀርባ በራሱ ማደብዘዝ ሲጀምር ደንበኛ ጠፋ፤ እርሳቸው ግን በየማለዳው ባዶውን ወንበር መለካታቸውን አላቋረጡም።

በ2017 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ሲጠናባቸው፣ የመታወቂያ ፎቷቸው ተለጥጦ ቀብራቸው ላይ እንዳይቆም ሰግተው፣ ራሳቸውን ፎቶ ለማንሳት ወሰኑ። ርቀቱን ሲለኩ በእርሳቸው ቦታ የሚቀመጥላቸው ሰው አስፈለገ። ጎረቤታቸው ባለሱቁ ማሃሙድ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» አሏቸው፤ እኛም የዕድሩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተጠርተን ስብሰባ ነበረብን። በአራተኛው ቀን ኮታቸውን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅለው፣ ከሌንሱ እስከ ኮቱ ቁልፍ ለክተው፣ ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅተው ተቀመጡ። በሩ የተንኳኳ መስሏቸው ይሁን እንጃ፣ ሊነሱ ወደ ፊት ዘንበል እንዳሉ ካሜራው ቀጭ አለ። ስለዚህ የኮቱ ስፌት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ፊታቸው ግን ደብዝዟል።

ለሌላ ፎቶ ዕድሜ አልተገኘም። በዚያው ፎቶ ጀርባ ላይ፣ «ከስምንት እርምጃ ሲታይ ጥርት ይላል» ብለው ጽፈዋል። ሞክረነዋል፤ እውነት ነው፤ ፈገግታቸው ሳይቀር ይታያል። ስለሆነም ሐዘንተኞች ወደ ፎቶው እንዳትጠጉ በትሕትና እናሳስባለን፤ በሕይወት ሳሉም ከዚያ አልቀረብናቸውምና አያስቸግረንም።

አቶ ባስልዮስ በስልሳ አራት ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የእህታቸውን ልጅ ወይዘሪት ሔርሜላን ብቻ ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ርቀት ሳይለካ ወደ ራሱ ያቅርብልን፤ አሜን።