ቀጭ የማይለው ማርሽ

ባለፈው ከጅማ ወደ ደዶ በሳይክል ስወጣ ዳገቱ መሀል ማርሼ አስቸገረኝ። የኔ ሳይክል መሪው ላይ ያለችውን ማንሻ ስገፋት «ቀጭ» ትልና ማርሹ ራሱ ቦታውን ይይዛል። የዚያን ቀን ግን ቀጭ ትላለች፣ ካቴናው በሁለት ማርሽ መሀል ይንገጫገጫል። ሳይክሉን እየገፋሁ መንገድ ዳር ሳይክል የሚጠግኑ አባ መጫ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ደረስኩ። እሳቸው ማንሻዋ ላይ ያለች ትንሽ ቀለበት ዞር አደረጉና «በቃ፣ ከእንግዲህ ቀጭ አትልም፤ ማርሹን አንተው ነህ ቦታው የምታስይዘው» አሉኝ። አራት ዓመት ስነዳ ያቺን ቀለበት ልብ ብያት አላውቅም።

«ታዲያ ማርሹ መግባቱን በምን አውቃለሁ?» አልኩ ተናድጄ።

«ማሎ! ካቴናው ዝም እስኪል ቀስ አድርገህ ግፋት። እግርህስ የማን ነው? አይነግርህም?»

አነጋገራቸው ዕድሜ ልኩን ሲነዳ እንደኖረ ሰው ነው። እውነትም ካቴናው ዝም ሲል እግሬ ቀለለው፤ ዳገቱን ጨረስኩት። ስመለስ ላመሰግናቸው ቆምኩና «ለመሆኑ እርስዎ ስንት ዓመት ነዱ?» አልኳቸው።

«እኔ? ወላሂ፣ ወጥቼበትም አላውቅም» አሉ። «እወድቃለሁ ብዬ እፈራለሁ።»