ከአምስት ዓመት ከአራት ወር የተረፈ ሁለት መስመር

አምስት ዓመት ከአራት ወር የታገሠ ሰው፣ ሙጫ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ያቅተዋል? ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ቦርሳሽን መደርደሪያው ላይ አድርጊው። ያቺ ወንበር አንድ እግሯ አጠር ያለ ነው፤ ግን አትጥልሽም፣ ከሥሯ ወረቀት አጥፌ አስገብቼላታለሁ። ምን ያለ ሙቀት ነው ዛሬ! ሙቀት ለሙጫ ጥሩ ነው፤ ለሰው ግን… በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ጌታ እንኳ ከረባታቸውን ሁለት ጊዜ ላላ አድርገውታል። ጌታው፣ ማራገቢያውን ወደርስዎ ላዙረው? … እሺ፣ እንዳሉ። የርስዎም ሦስት ቅጂ ከመጫኛው ብረት ሥር ተጭኖ ነው፤ ከልጅቷ ጥራዝ ጋር አብሮ ይወጣል።

መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው አይደል ያልሽኝ? አሁን አሥር ከሩብ ነው። ከዚህ እስከዚያ በእግር ስምንት ደቂቃ፤ ቆጥሬዋለሁ። መቁጠር አመሌ ነው። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ማንበቡ ሲያመልጠኝ መቁጠሩን ያዝኩት። በአንድ ስቴፕለርና በግማሽ ደስጣ ወረቀት ጀምሬ ይኸው ዛሬ ሦስት ማሽን አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዩኒቨርሲቲውን በር ፊት ለፊት እያየሁ ኖሬያለሁ። ስንቱ በልቅ ወረቀት ገብቶ በጥራዝ ወጣ መሰለሽ? አራት መቶ ሃያ ሰባት የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ ጠርዣለሁ። አንዱንም አላነበብኩም፤ የኔ ሥራ ገጽ መቁጠር ነው። ታዲያ… ገጽ ሲቆጠር ዓይን ይጨፈናል እንዴ?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ድሮ ይህን ትምህርት ከሥራ አልቆጥረውም ነበር። «ሰውየው ተቀምጦ ሲያነብ ልጁ ድሆ፣ ቆሞ፣ ትምህርት ቤት ገባ እኮ!» እያልኩ እስቅ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ልጅ ናት። አንቺን ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ልጅ። እሷም እንዳንቺ መነጽር ታደርጋለች። እሷም እንዳንቺ ኮረብታው ላይ ካለው ከአፈር ላቦራቶሪ ነበረች። ሰው ከሰው ይመሳሰላል መቼም።

ይቺ ልጅ መጀመሪያ የመጣችው «ያልተከፈቱ ሳጥኖች ዝርዝር» የሚል ወረቀት ይዛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሳጥን። ክፍል ነበር እንጂ ላቦራቶሪ አልነበረማ! ቀጥሎ ማሠልጠኛ ጽሑፍ አመጣች፤ ሰባት ናሙና ሰብሳቢዎችን ልታስተምርበት። ከዚያ የማድረቂያው ምድጃ ተቃጥሎ ለአስመጪው የጻፈችውን ደብዳቤ አመጣች። አራት ጊዜ ነው የጻፈችው፤ አራተኛው ላይ ትሕትናው ትንሽ ቀነስ ብሏል። ምድጃው ግን መጣ። ከዚያ በር ላይ የሚለጠፍ የጥንቃቄ ደንብ፤ ላሚኔት ያደረግኩላት እኔ ነኝ። «ምሳችሁን ከአፈሩ ጋር በአንድ ፍሪጅ አታስቀምጡ» ይላል፣ አምስተኛው ቁጥር። የሆነ ሰው አስቀምጦ ነበር ማለት ነው! ከዚያ ለገበሬዎች ስብሰባ ጥሪ፣ የመኪና መጠየቂያ፣ የአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ናሙና መዝገብ። ከየወረቀቱ ሥር ፊርማ አለ። የማን ፊርማ? የሷ። ቆጠርኩ፤ ስልሳ አንድ ጊዜ ተመላልሳለች።

እንግዲህ ያልተማርኩት ሰው ልጠይቅሽ። ሰው ያሠለጠነ፣ ዕቃ ያስመጣ፣ የተበላሸ ያስጠገነ፣ እርሻውን የማያስረግጥ ገበሬ አሳምኖ አፈር የዘገነ፣ ጽሑፉ ከመጽሔት ሰባት ጊዜ ተመልሶበት ሰባት ጊዜ ያረመ ሰው… ይህ ሥራ ካልሆነ፣ ሥራ ማለት ወንበር ላይ ኮት ሰቅሎ መውጣት ነው?

አስተማሪዋስ! ወይ ሰው! ስማቸውን አልጠራም፤ ምስጋና አይወዱም ይሆናል። ጌታው፣ ቀና አሉ… ያውቋቸዋል እንዴ? … አያውቋቸውም። ጥሩ። የማያውቁትን ሰው ሲያሞግሱበት ጆሮ አይሰለችም።

እኚህ ሰው ተማሪያቸውን እንዴት እንደሚያምኗት አትጠይቂኝ። በአምስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ላቦራቶሪው ድረስ ሄደው ያስቸገሯት ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንደኛው ፎቶግራፍ የሚነሡበት ቀን ነበር። ፎቶውን ያተምኩት እኔ ነኝ፤ የነጩ ጋዋናቸው እጥፋት ገና አልተዘረጋም፣ አራት ቦታ ተሰምሮበታል። ዕቃ አያያዝ ማለት ይህ ነው! እሷ በዚያው ጊዜ ሦስት ጋዋን ጨርሳለች። አባካኝ።

ረቂቋን ስትሰጣቸው ደግሞ ስምንት ወር ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡላታል። ትዕግሥትን በየትኛው መጽሐፍ ታገኘዋለች? ከስምንት ወር በኋላ ስትቀበላቸው አንድ ነጠላ ሰረዝ አርመው ነበር አሉ። አንድም ብትሆን እኮ… ካልተነበበ በምን ይታወቃል? ጽሑፉ ሲታተም ስማቸው ከፊት ሆነ። ክፉ ሰው ይህን ሲያይ «በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ መለካት» ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ከፊት የቆሙት ነፋሱ ልጅቷን እንዳይመታት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ» ሲሉ አልሰማሽም? እሳቸው ላሚቱንም ወተቱንም ጥርት አድርገው ያያሉ፤ ያለበችውን ብቻ ነው ዓይናቸው የሚስታት። ዕድሜ ነው።

እና ልጅቷ ተመረቀች። የላቦራቶሪ ኃላፊ የሚል ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ። ማስታወቂያው አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። አላት እኮ! እንዲያውም አራት ወር ይተርፋታል። የጎደላት የልምድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ሄዳ አስተማሪዋን ለመነች። አሁን ጉድ ስሚ፤ ስምንት ወር አላቆዩዋትም! እዚያው ቆማ ሳለች ጻፉላት። ሁለት መስመር። «ከላይ በተጠቀሰው ጊዜ በክፍላችን ተማሪ ነበረች። በቆይታዋም መልካም ጠባይ አሳይታለች።» ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፣ ጠርዙ እንኳ አልደበዘዘም። ቃላቱን ቆጠርኳቸው፤ አሥር ናቸው። ለአምስት ዓመት ከአራት ወር ሲካፈል፣ ለዓመት ሁለት ቃል አይሞላም።

ውሸት አለበት? የለበትም! ተማሪ ነበረች። ጠባይዋም መልካም ነው፤ ያንን ደብዳቤ ተቀብሎ «አመሰግናለሁ» ብሎ መውጣት ከጠባይም ጠባይ ነው። «የሠራሁት ሥራ አልተጠቀሰም» ብትላቸው ምን አሏት መሰለሽ? «ልጄ፣ ትምህርት ትምህርት ነው፤ ሥራ ሥራ ነው።» እንዴት ያለ ጥልቅ ንግግር ነው! ይህን ለማለት እኮ ብዙ ማንበብ ይጠይቃል።

ጥረዛ ያስተማሩኝ ሰውዬ ማንበብ አይችሉም ነበር። አራት ዓመት ሙጫቸውን አፍልቼ፣ ክራቸውን በሰም አሽቼ፣ የራሴን ሱቅ ልከፍት ስወጣ ደንበኞቻቸው ፊት አቆሙኝና «እጁ ከኔ ይበልጣል» አሉ። ሦስት ቃል። በሦስት ቃል ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ስበላ ኖርኩ። መሃይም ስለነበሩ ነው እንግዲህ፤ ቢማሩ ኖሮ መቆጠብ ያውቁ ነበር።

ወዲያው በዚያው ሳምንት ደግሞ… አሁንም የምናወራው ስለዚያ ስለ ሌላው ሰው ነው፣ ጌታው፣ አይጨነቁ… እኚያው ትልቅ ሰው የማዕረግ ዕድገት ሊጠይቁ የሥራ ልምዳቸውን ዝርዝር ለጥረዛ አመጡልኝ። አርባ ስድስት ገጽ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ስለራስ ሲጽፉም ቀለም አይገድም። እኔ አላነበብኩም፣ ቆጠርኩ እንጂ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥር ካየሁ ደግሞ ማለፍ አልችልም። «የአፈር ላቦራቶሪ ማቋቋምና መምራት፤ አምስት ዓመት ከአራት ወር።» ከሥሩ፦ ሰባት ሠራተኞች ማሠልጠን። ከሥሩ፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ናሙና መመርመር። የተጀመረበት ቀን ልጅቷ የተመዘገበችበት ቀን ነው። ያለቀበት ቀን ልጅቷ የወጣችበት። ተአምር አይደለም? ሰውየው መምራት የጀመሩት ልጅቷ በበሩ ስትገባ፣ ያቆሙት ልጅቷ በበሩ ስትወጣ!

አንድ ነገር ብቻ አልገባ አለኝ። የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ አስረጂኝ። አፈሩ ያው አፈር፣ ምድጃው ያው ምድጃ፣ ወሩ ያው ወር። እንዴት ነው በአንደኛው ወረቀት ላይ ትምህርት የነበረው፣ በሌላኛው ወረቀት ላይ ሥራ የሚሆነው? ወይስ… እጅ ሲለውጥ ይበስላል?

ጌታው ትን አለዎት! ውሃ ላምጣልዎ? … እሺ፣ እሺ። አቧራ ነው፣ የወረቀት አቧራ። የለመደው ሰው አይሰማውም።

እና ያቺን ልጅ ምን አልኳት መሰለሽ? አንቺ ጨርሰሻል፣ ላንቺ አይጠቅምሽም፤ ከኋላሽ ለሚመጡት ንገሪያቸው። ዶክትሬት የገባ ሰው ደብዳቤውን በየዓመቱ ይጠይቅ፤ ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው። የሠራውን በሠራበት ቀን ይጻፈው፣ ይፈርምበት፣ ኮፒ ያስቀር። ገበያዬን ላሟሙቅ ብዬ አይደለም። ትንሽ ላሟሙቅም ብዬ ነው፣ ግን እውነት ነው። ደግሞ «ተማሪ ነበርኩ» ብሎ አንገቱን አይድፋ። ሐኪምም ሲለማመድ ያከመው ሰው ድኗል፤ ልምምድ ነበር ተብሎ በሽታው ይመለስበታል?

ልጅቷ ስልሳ አንዱንም ወረቀት በካርቶን አስቀምጣ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት አመጣች፤ በየቀናቸው ደርድረን ጠረዝናቸው… ማለቴ፣ ጠረዝኩላት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ከሁሉ ፊት ምን አስገባሁ? ያቺን ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ! እንደ ዘውድ ጉብ ብላለች። የሚመረምሩት ሰዎች መጀመሪያ ሁለቱን መስመር ያነባሉ፣ ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ይገልጣሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ፊርማው የማን እንደሆነ ያያሉ። እኚያ ሰው ስማቸው ሲጠራ ደስ ይላቸዋል።

ኧረ አዲስ ደብዳቤ ለማጻፍም ጊዜ አለ እኮ! ገና አሥር ሰዓት ከሠላሳ ነው። ባዶ ወረቀት እኔ ጋ ሞልቷል፣ እስክሪብቶም አለ። ማኅተም በቦርሳው ይዞ የሚዞርም ሰው አይጠፋም፣ ማን ያውቃል። አንድ ገጽ ነው። ከአርባ ስድስት አንድ ቢነሣ አርባ አምስት ይቀራል፤ በአርባ አምስት ገጽ ማዕረግ ይከለከላል? … እህ። … ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ወርቅ ደግሞ ለሰው አይሰጥም።

በሉ፣ ሙጫው ደረቀ። እንኩ ጌታው፣ ሦስት ቅጂ፣ አርባ ስድስት አርባ ስድስት ገጽ፣ አንዲት አልጎደለችም። ሽፋኑ ያምራል፤ ውስጡም ሽፋኑን ያህል ጠንካራ ነው። አንቺም እንኪ ልጄ፣ ያዢው። ከበደሽ አይደል? ይክበድሽ።

እንግዲህ ተነሥተሽ ሳትሄጂ ሒሳቡን እንዝጋው። እኚያ ሰው ምን አተረፉ? አንድ ማዕረግ፣ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ጨምሮ። ምን ከሰሩ? ምንም፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት ወደ ማዶ ተሻግራ የምታልፋቸው አንዲት ተማሪ ብቻ። ልጅቷ ምን ከሰረች? አንድ ደብዳቤ። ምን አተረፈች? ነገ ያ ምድጃ እንደገና ሲቃጠል፣ የሚጠሩት እሷን ነው ወይስ ገጽ አሥራ ሁለትን?

ጌታው፣ ሄዱ እንዴ? ቆይ፣ ቆይ፣ ሳልመርቅዎማ አይወጡም። ሴት ልጅዎ ዘንድሮ ራቅ ካለ አገር ዶክትሬት ጀመረች አሉ፤ ማመልከቻዋን ያተምንላት እዚሁ ነው፣ ጨዋ ልጅ፣ አባቷን ስትጠራ ዓይኗ ይበራል። እንኳን ደስ አለዎት። ፈጣሪ ከፊቷ ይቅደም። ያለችበትን ሰላም ያድርግላት። አምስቱን ዓመት እንደ አምስት ቀን ያሳጥርላት። የድካሟን ፍሬ የሚያይላት፣ ቁርጥ እኚያን ስናወራላቸው የቆየነውን ሰው የመሰለ፣ እርስዎ የማያውቋቸውን… ልክ እሳቸውን የመሰለ አስተማሪ ይስጣት።

ምነው፣ አሜን አይሉም?