ለመርዶ የማይደወል ስልክ

አባቴን ከቀበርን ወዲህ ሰው የሚያነሳልኝ የአናጢነት ሥራውን ነው። እኔ ግን አጠገቡ እንጨት እየላግሁ የሰማሁትን አንድ ክርክር ልጻፍ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆነች ወጣት እግሩ የተወላገደ ወንበር ተሸክማ ወደ ሱቃችን መጣች። ሥራዋ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው።

«ምን ስትሠሪበት ተወላገደ?» አላት አባቴ ወንበሩን እየገለበጠ።

«ተቀምጬ ነው፣ አባባ። ሰው በሩቅ ሆኖ ፊት ለፊት እንዳለ የሚጨዋወትበት፣ የድምፅ መልእክትም የሚላላክበት ነገር እየሠራሁ ነው።»

«ስልክ መች ጠፋና?»

«ስልክማ አለ። እህትዎ እንደታመሙ ሰማሁ፤ ደወሉላቸው?»

አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ በእኛ ቤት ስልክ የሚደወለው ለመርዶ ነው። እኔ ብደውል ገና ሳታነሳው ክው ብላ ትቀራለች።»

እውነቱን ነበር። አክስቴ የምትኖረው ሩቅ ነው፤ ማንበብም አትችልም። ድምፅ ለድምፅ ከተሰማሙ ዓመታት አልፈዋል።

«ታዲያ ደህና መሆንዎን እህትዎ በምን ያውቃሉ?»

«ስላልደወልኩ ነዋ!»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «እንግዲያው አንዳችሁ እስክትሞቱ አትነጋገሩም ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚያነሳው ማን ነው?»

አባቴ አቧራ የለበሰ እጁን በሽርጡ ጠረገና ስልኩን ሰጣት። መተግበሪያውን ጫነችለት፤ የአክስቴም ልጅ በጽሑፍ መልእክት ነግሬያት ለእናቷ ጫነችላት።

«መጀመሪያ የድምፅ መልእክት ይላኩ። አይጮኽም፤ ሲመቻቸው ይከፍቱታል።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ጮኸ፦ «እኔ ነኝ! ማንም አልሞተም!»

ወዲያው አክስቴ ራሷ ደወለች። ሁለቱም እኩል «እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ» ሲሉ ድምፁ ተቆራረጠ።

«ይሄ ነገርሽ ሰላምታ አያውቅም!» አለ አባቴ ተቆጥቶ። «አንዱ አፉን ሲከፍት ሌላውን ያፍነዋል። ወንድምና እህት ተራ ጠብቀው ነው እንዴ የሚናፈቁት?»

ወጣቷ ግንባሯን መታ አደረገች። «ልክ ነዎት። ድምፅ እንዳይደባለቅ ብዬ ተራ በተራ እንዲሆን አድርጌው ነበር።»

ወንበሯን ልትወስድ ስትመጣ መተግበሪያውን አስተካክላው ነበር። የዚያን ቀን ሁለቱ እኩል አወሩ፣ እኩል ሳቁ፣ እኩል አለቀሱ፤ አንዲት ቃል አልጠፋችባቸውም።

ከዚያ ወዲያ አባቴን ማን ይቻለው! መጋዝ እየሳለ ያወራል፤ በር እየገጠመ ያወራል። አክስቴ መድኃኒቷን ትታ እንደሆነ ከድምፅዋ ያውቅባታል፤ ተቆጥቶ ያስውጣታል። ቀና ብላም መሄድ ጀመረች። ለጎረቤቱ ለቁልፍ ሠሪው እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦ «አንተ ሞኝ፣ አስጭን እንጂ! ፊደል ያልቆጠረም ይልካል፤ ሩቅ ያለም ቅርብ ነው። ክፉ ወሬ እስኪመጣ ምን ያስጠብቅሃል?»

አባቴ ሲያርፍ በእሱ ስልክ ለአክስቴ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሳትደነግጥ አነሳችው፤ «ዛሬስ በምን ልታስቀኝ ነው?» አለች። ነገርኳት። አለቀሰች። እኔም የለቀስተኛውን ሁሉ ቃል፣ «ሳልጠግበው» የሚለውን፣ ከአፏ ጠበቅሁ።

«የለም፣ ልጄ» አለችኝ። «እኔስ ወንድሜን ጠግቤዋለሁ።»