የኔታ ያልሄዱበት የሶር መንገድ

የተከበራችሁ ካህናት፣ ፊታውራሪ ሸዋንግዛው፣ የመቱ ሽማግሌዎች፣ ከጎሬና ከሁሩሙ ጭቃ ረግጣችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከሁሉም በላይ እርስዎ የሟቹ ባለቤት እትዬ አበባየሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይሂድ። የምናገረው አጭር አይደለም፤ ደስ የሚያሰኝም አይደለም።

የማያውቀኝ ካለ፣ ደብተራ ፈንታሁን እባላለሁ። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የተኙትን ሰው፣ የኔታ ሙሉብርሃንን፣ ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ። እሳቸው ቄስና የብሉይ መምህር፣ እኔ መጽሐፍ ያዥ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይተረጉማሉ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ እሳቸው ብዙ ተብሏል። ሊቅ ነበሩ ተብሏል። እውነት ነው። ለሰው ፊት የማያዳሉ ነበሩ ተብሏል። ይህም እውነት ነው። እኔን ያቃጠለኝ ይኸው እውነት ነው።

ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ቆማለች። ሁላችሁም አይታችኋታል፤ አንገቱን ያዞረ ሁሉ አይቷታል። ወርቅውሃ ናት። የሟቹ ልጅ፣ አንድ ልጃቸው። አጠገቧ ያለው ሽማግሌ ማር ሻጩ ኦቦ ኩምሳ ነው። ካህናቱ ማለዳ ተሰብስበው፣ ለምጻም ናትና የአባቷ መቃብር ላይ አትቁም ብለዋል። አፈሩ ሳይመለስ ትግባ ወይስ ውጭ ትቅር? እኔ የቆምኩት ለዚህ ነው። የሟቹን ሙያም አወራለሁ፤ እሱን ሳትሰሙ ነገሩ አይገባችሁም።

የኔታ ሕጉን ያውቁ ነበር። የሌዋውያንን ሕግ፣ የመሥዋዕቱን፣ የደሙን፣ የርኩሱንና የንጹሑን ነገር፣ ከዚህ እስከ ጎሬ እንደ እሳቸው የሚያውቅ አልነበረም። አንካሳ በግ ለምን ለመሠዊያ አይቀርብም? ተማሪው ሁሉ፣ እግዚአብሔር አንካሳ ስለሚጠላ ነው ይላል። የኔታ ይስቁበት ነበር። እግዚአብሔር አንካሳ አይጠላም፣ የሚጠላው አንተ የማትፈልገውን ለእሱ መስጠትህን ነው ይሉ ነበር። ሰውየውስ ለምን በሚታረደው እንስሳ ራስ ላይ እጁን ይጭናል? ሙቀቱ ሳይሰማህ እንዳታርደው ነው ይሉ ነበር። በማስተስረያው ቀን አንዱ ፍየል የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ በረሃ ሲሰደድ፣ ሊቀ ካህናቱ አስቀድሞ ሁለት እጁን ጭኖ ለምን ይናዘዛል? ያልተናዘዝከውን ፍየሉ አይሸከምልህም ይሉ ነበር።

ይህን ሲሉ የሰማን ስንቶቻችን ነን? ብዙዎቻችን ነን። የኔታ ሲያስተምሩ አጥር ተደግፎ የማይሰማ አልነበረም።

አንድ ቀን ስለ ለምጻም እያስተማሩ፣ የተጻፈውን በጣታቸው ለኩ። እኔ ብራናውን ይዤ ነበር። ለምጻሙን ከሰፈር ስለማስወጣት የተጻፈው ይኸውላችሁ አሉ፤ ሁለት ጣት አይሞላም። የዳነውን ስለመመለስ የተጻፈውስ? ገልብጥ አሉኝ፤ ገለበጥኩ። ገልብጥ አሉኝ፤ ደግሜ ገለበጥኩ። ሁለቱ ወፎች፣ አንዷ በወራጅ ውኃ ላይ የምትታረደው፣ ሁለተኛዋ ከነነፍሷ ወደ ሜዳ የምትለቀቀው፤ መታጠቡ፣ መላጨቱ፣ ስምንተኛው ቀን፣ ድኻ ቢሆን ደግሞ የሚቀነስለት መባ። እግዚአብሔር ቃል የሚያበዛው የሚወደው ነገር ላይ ነው አሉ። ሕጉ የተሠራው ለመመለስ ነው አሉ። ያን ቀን አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ የዳነውን ለማየት ካህኑ ራሱ ከሰፈር መውጣቱ ለምን አስፈለገ፣ ሰው ልኮ ቢያስጠይቅስ ብሎ ጠየቃቸው። የኔታ ቀና አሉና፣ "ያስወጣው እሱ አይደለምን? እንግዲያ እግሩን ያንሣ" አሉ።

ይህን ያሉት ሰው ናቸው እዚህ የተኙት። አሁን ያደረጉትን ስሙ።

ነገሩ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወርቅውሃ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ለፊታውራሪ ሸዋንግዛው ልጅ ታጭታ ነበር። ፊታውራሪ፣ ይቀመጡ፤ ለእርስዎም ደርሻለሁ። በአንገቷ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ነጣ ያለች ነጥብ ወጣች። ቋቁቻ ነው ቢሉት ማን ይከራከር ነበር? ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኔታ አንድ ቡና ተሸካሚ ለምጻም ነህ ብለው አስወጥተው ነበር። ከተማው ይህን አስታወሰ። የሰው ልጅ ሲሆን ያስወጣሉ፣ የራሳቸው ሲሆን ይሸፍናሉ ተባለ። ማን አለው? እናንተ አላችሁት። እኔም ሲባል ሰምቼ ራሴን ነቅንቄያለሁ።

የኔታ ልጃቸውን በሕጉ አዩዋት። በነጥቡ ላይ ያለው ፀጉር አልነጣም፤ ነጥቡም ከቆዳዋ አልጠለቀም። ስለዚህ ሰባት ቀን ተለይታ ትቆይ አሉ። በሰባተኛው ቀን ደግመው አዩዋት፤ ነጥቡ አልሰፋም፣ አልቀነሰም። ሕጉ በዚህ ጊዜ ምን ይላል? ሌላ ሰባት ቀን ይላል። እዚያ ላይ ጥርጥር የለም፤ አንድ ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል። ግን ዐቢይ ጾም ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። ሰባት ቀን ከተጨመረ ሠርጉ ጾም ውስጥ ይገባል። ፊታውራሪ ደግሞ ልጃቸውን ከጾሙ በፊት መዳር ፈልገዋል፤ ይህችን ካልሆነ ሌላዪቱን። ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆመው ዛሬውኑ ቁርጡ ይነገረኝ አሉ። ከኋላቸው እናንተ ነበራችሁ።

እኔ መጽሐፉን ዘርግቼ ይዣለሁ። ጣቴ መስመሩ ላይ ነው፤ ሌላ ሰባት ቀን የሚለው መስመር ላይ። የኔታ ጣቴን አዩ። ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ፈንታሁን፣ ዝጋው" አሉኝ።

ዘጋሁት። ወገኖቼ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ሥራዬ መጽሐፍ መክፈት ሆኖ፣ የሚያስፈልግበት ቀን ዘጋሁት።

ርኩስ ናት አሉ። ልጅቷ ግን አጥር ሥር ተቀምጣ የአባቷን ትምህርት ስትሰማ ያደገች ናት፤ እኛ የምናውቀውን ታውቃለች። አላለቀሰችም። "አባዬ፣ ሌላ ሰባት ቀን አለኝ" አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። የኔታ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እኛ አስወጣናት። እስከ ከተማው ዳር ተከትለን ጭቃ ወረወርንባት። ያን ቀን ጭቃ የያዘ እጅ ዛሬ የነጠላውን ጫፍ ይዞ እንባ ሲጠርግበት አያለሁ። ስም አልጠራም፤ እጁ ያለበት ሰው ያውቀዋል።

ፊታውራሪም ልጃቸውን በሦስተኛው ቀን ለሌላዪቱ ዳሩ። በልተናል፣ ጠጥተናል። የኔታ ባርከዋል።

ፍየሏን ሰደድናት እንጂ ማን ተናዘዘ? የገባሩን ላም የነዳ አልተናዘዘም። በሐሰት የማለ አልተናዘዘም። መጽሐፉን የዘጋው ደብተራ አልተናዘዘም። አንዲት ነጥብ አንገቷ ላይ ስላወጣች ልጅ ወጣች፤ እኛ ንጹሖች ሆነን ቀረን።

ኦቦ ኩምሳ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኛት። ምን ሆነሽ ነው ብሎ አልጠየቃትም። ሕግም አያውቅም፣ ብራናም አላየም። "ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ" አላት፤ ነይ ልጄ ማለቱ ነው። ቤቱ አስገባት፤ ከልጆቹ ጋር አበላት፤ ንብ ማነብ አስተማራት። ከፏፏቴው በላይ ባለው ጫካ አርባ ቀፎ አላት። እናንተ በገበያ የምትሻሙበት ነጭ ማር የእሷ ነው። አዎን፣ እሱ ነው። አትደንግጡ፤ እስካሁን ማንም አልሞተበትም።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው። የኔታ ለተዝካር ሁሩሙ ወርደዋል። ለሹመት ጎሬ ወጥተዋል፤ ያውም በበቅሎ ሳይሆን በእግራቸው። ሶር ግን አልሄዱም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሦስት ሰዓት መንገድ።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ሄድኩ። ኩምሳን ገበያ ላይ ለምኜ ወሰደኝ። ልጅቷን አየኋት። ነጭ ሆናለች፤ ከግንባሯ እስከ እግሯ ጣት፣ ቀለም የቀረበት ቦታ የለም። ሕጉን የምታውቁ ካህናት፣ እንዲህ ስለሆነ ሰው ምን ተጽፏል? ሁለንተናው ከነጣ ንጹሕ ነው። ካህኑ አይቶ ንጹሕ ነው ይላል፣ አለቀ። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት። የኔታ፣ እጇም ነጥቷል ወይ አሉኝ። እጇም አልኳቸው። ፊቷም? ፊቷም። ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ እንግዲያማ ንጹሕ ናት አሉ። ይነሡ እንሂድ አልኳቸው። ዝናቡ ያባራ አሉኝ።

በኢሉባቦር ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው የት ይደርሳል? ክረምት ሄደ፣ መኸር መጣ፤ ደግሜ ጠየቅኋቸው። በመጨረሻ እውነቱን ነገሩኝ። ሄጄ ንጹሕ ናት ካልኩ፣ ሕዝቡ ስለ ፊተኛው ፍርዴ ይጠይቀኛል አሉኝ። የልጃቸው ሥጋ ከስማቸው ቀለለባቸው። ይህን የምለው ስለምጠላቸው አይደለም። እወዳቸው ነበር። ከእሳቸው በላይ የወደድኩት ሰው የለኝም፤ ለዚህ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። መምሬ ገብረ ሥላሴ፣ እኔ ደብተራ ነኝ፤ የእኔ ማየት አይቆጠርም። ሕጉ ካህን ይላል። እርስዎ ካህን ነዎት። ከዚህ እስከ በሩ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ይውጡና ይዩዋት። እንደተጻፈው ሆና ካገኟት አንድ ቃል ይበሉ፤ ትግባና አባቷን ትቅበር። እኛ እንጠብቃለን።

እየጠበቅን ነው፣ መምሬ።

መሬት መሬቱን እያዩ ነው። ሌሎቻችሁስ? ሰባት ካህናት ቆጥሬያለሁ። ከሰባት አንድ እግር የለም?

እሺ። ይህን ማየት ፈልጌ ነበር፤ አየሁ። እንግዲህ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ዛሬ ማለዳ ወጥቼ አነጋግሬያታለሁ። እንድትገቢ ሕዝቡን እለምንልሻለሁ፣ ካስፈለገም እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አልኳት። ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ "ጋሼ ፈንታሁን፣ አይድከሙ። እኔ ለመግባት አልመጣሁም። እናቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።" አባትሽንስ አልኳት። "ሳያየኝ ሞተ፤ እኔም አላየውም" አለች።

ስለዚህ ምክራችሁ ከንቱ ነበር፣ ካህናት። ያልጠየቀችውን ነው የከለከላችኋት። እትዬ አበባየሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የልጃቸውን ስም በዚህ ከተማ ጮክ ብለው ጠርተው አያውቁም። ትናንት የባላቸው ነፍስ እንደወጣች ጓዛቸውን አሰሩ። አንድ ጥቅል ነው። እንዳትይዟቸው፤ ዕድር አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ እንዳትሏቸው። አርባውን እናንተ አውጡ፤ እናንተም ብሉት።

የኔታ ሙሉብርሃን፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ዛሬ አጥተናል፤ ሕጉን የሚያደርግ ግን ድሮም አልነበረንም። ሚስትዎ ከሰፈር እየወጡ ነው። እርስዎ ከእኛ ጋር፣ ከንጹሖቹ ጋር ይቀራሉ። እኔም ቀኔ ሲደርስ ከጎንዎ እቀበራለሁ፤ ሌላ የሚወስደኝ የለም። ያን ጊዜ ሁለታችንም የምንመልሰው አለ።

እትዬ አበባየሁ ተነሥተዋል። መንገድ ልቀቁላቸው።