በስቅለት የተደፉ ጀልባዎች

የስቅለት ዕለት ረፋድ ላይ ሽማግሌው ሰቫሪሙቱ በባሕሩ ዳር እየተዘዋወረ የተደፉትን ጀልባዎች ይቃኝ ነበር። በዚህ የካቶሊክ ዓሣ አጥማጆች መንደር ወግ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ንጋት ማንም ባሕር አይነካም፤ ጀልባው ሁሉ አሸዋው ላይ ተደፍቶ ይውላል። የባሕሩ ዳር አለቃ እሱ ስለሆነ ያለ እሱ ቃል መቅዘፊያ የሚያነሣ የለም። ዕድሜው ሰባ ሁለት ነው፤ ግትርነቱ ግን ከዕድሜውም ይበልጣል።

በጀልባዎቹ መካከል ሲታጠፍ ጃሲንታ እየሮጠች ስትመጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጃሲንታ ከተማ ተምራ የተመለሰች፣ ለመንደሩ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምር ወጣት ናት።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ? እግዜር ነው ያገናኘን፤ ወደ ቤትዎ ልመጣ ነበር።»

«እግዜር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?»

«ራያፓን አልተመለሰም። ረቡዕ ማታ ወጥቶ ትናንት ጠዋት መግባት ነበረበት። ሚስቱ እህል ውሃ በአፏ አልዞረም። ሞተሩ ቆሞበት ይሆናል፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ ጥልቁ ነው የሚገፋው። እባክዎ፣ ጀልባ ይውጣ ብለው ይዘዙ።»

ሰቫሪሙቱ ደነገጠ። ድንጋጤውን ግን በቁጣ ሸፈነው።

«ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠፋሽ?»

«ስቅለት ነው።»

«ታዲያ! ጌታ በመስቀል በዋለበት ቀን፣ ደወሉ እንኳ ዝም ባለበት ቀን ሞተር ላስነሣልሽ? በዚህ ሳምንት አትውጣ ብዬው ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው!»

ተረቱ ለሌላ ቀን ደህና ነበር። ሰው ውሃ ላይ በጥም እያለቀ ተረት መተረት ግን፣ ኧረ እግዜር ያሳያችሁ!

«መከረው እኮ አባባ» አለች ጃሲንታ። «መከራው ሙሉ ቀንና ሌሊት መከረው። የቀረው መሞት ብቻ ነው።»

«በነገር አትውጊኝ። መጽሐፍ አውቃለሁ ካልሽ መልሺልኝ፤ ቅዳሴ እንኳ በማይቀደስበት ቀን ባሕር ይወጣል?»

«ደግ ጠየቁ። ቅዳሴ የሌለው፣ ደወሉም ዝም ያለው፣ ከጌታ ጋር በሐዘን ስለምንውል ነው። ግን ዛሬ አንድ ሰው ሊሞት ቢያጣጥር አባ ሉርዱ የሕሙማን ቅብዓት ይዘው አይመጡም?»

«ይመጣሉ።»

«ልናዘዝ ቢልስ፣ ስቅለት ነው ብለው ይመልሱታል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«አዩ! ቤተ ክርስቲያን በዚህ ቀን እንኳ ሰው የሚድንበትን በር አልዘጋችም። ጌታም በሰንበት እጁ የሰለለውን ሰው መሐል አቁሞ፣ በዚህ ቀን የሚገባው ነፍስ ማዳን ነው ወይስ ማጥፋት ብሎ ጠየቃቸው። ዝም ሲሉት በልባቸው ድንዳኔ አዘነ። ይህን ሁሉ ጾም የጾምነው ልባችን እንዲለሰልስ ነው እንዲደነድን?»

«ጌታ ጌታ ነው። እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ።»

«ጴጥሮስስ ምን ነበር?»

«ዝም በይ!»

ጩኸቱን ሰምተው ዓሣ አጥማጆቹ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ወደ ጃሲንታ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ አሮክያም በዚሁ በስቅለት ባሕር ወጥቶ ቀረ። እንፈልገው ብለው ለመኑኝ፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ቀኑን ስለናቀ እግዜር ቀጣው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም ያንኑ ይዛ ሞተች። አሁን አንቺ የምትይው እውነት ከሆነ፣ ወንድሜን ማን ገደለው? በይ ንገሪኝ!»

ጃሲንታ ከተማ የተማረችው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አልደረሰላትም። እንባዋ መጣ።

«አላውቅም፣ አባባ። ያኔ የነገረዎት ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሰምተዋል። ያለፈውን ለአባ ሉርዱ ይናዘዙት፤ ዘጠኝ ሰዓት ለስቅለቱ ጸሎት ይመጣሉ። ራያፓን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላይቆይ ይችላል።»

ሰቫሪሙቱ ወደ ገዛ ጀልባው ሄዶ ሁለት እጁን ከጠርዙ ሥር አስገባ።

«ምን ታፈጣላችሁ? አንሡት እንጂ!»

ስምንት ጀልባ ወጣ። ራያፓንን ያገኙት ሰቫሪሙቱና አብረውት የወጡት ናቸው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሸሚዙን ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ውሃ በጠብታ አጠጡት። ዓይኑን ሲገልጥ ያየው የአለቃውን ፊት ነበር።

«ስቅለት አይደለም እንዴ?» አለ። «እስከ ትንሣኤ የሚመጣ የለም ብዬ መጮኹን ትቼው ነበር።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የወንድሙንም የመጨረሻ ሰዓት በዚያች ቃል አወቀው።

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ብዙ ነገር ተሻሻለ። የስቅለት ጸሎት እንደ ጥንቱ በጸጥታ ይደረጋል፣ ጾሙም አልላላም። ሁለት ጀልባዎች ግን ውሃና ገመድ ተጭኖባቸው ሳይደፉ ይውላሉ። በተከታዩ ዓመት በዚያው ቀን ከጎረቤት መንደር የጠፉ አባትና ልጅ በእነሱ ተርፈዋል። ነፍሰ ጡሮችና በሽተኞችም፣ ጾም የታዘዘው ሰውን ለመጉዳት አለመሆኑን ከጃሲንታ ተምረው ምግባቸውን ያለ ፍርሃት ይበላሉ።

ሰቫሪሙቱም በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ወጣቶቹን ባሕሩ ዳር ሰብስቦ ይመክራል። ምክሩ አጭር ናት።

«ቀኑን አክብሩ፤ ጾሙን ጹሙ። ሰው ከጠፋ ግን ፈልጉ። እኔ ወንድሜን አልፈለግሁትም።»