ሟቹ አቶ ውቤ ሐሙስ ዕለት የተናገሩት

ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ በጎሽ ውሃ ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ልሳነወርቅ የሻይ ብርጭቆውን ባልተከፈተ ፖስታ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቷል፤ በጥቅምት ያረፉት የምክር ቤት አባል የአቶ ውቤ ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ገንጥለው ያመጡትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከፊቱ ቆመዋል።

አሰገደች፦ አንብበው አልኩህ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ አሰገደች፣ መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ።

አሰገደች፦ ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ነገር ሲሆን እቀመጣለሁ። «ሁለተኛው ተናጋሪ» ከሚለው ጀምር።

ልሳነወርቅ፦ «ሁለተኛው ተናጋሪ አቶ ውቤ፣ የዋርካው የማክሰኞ ገበያ ወደ ወረዳው ከተማ መዛወሩ ለኅብረተሰቡ ያለውን ጠቀሜታ በስፋት አብራርተው፣ የውሳኔ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እንደሚደግፉ ገልጸዋል።»

አሰገደች፦ መቼ ነው የገለጸው?

ልሳነወርቅ፦ ሐሙስ።

አሰገደች፦ የትኛው ሐሙስ?

ልሳነወርቅ፦ ያለፈው።

አሰገደች፦ ባሌ የሞተው መቼ ነው?

ልሳነወርቅ፦ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጥቅምት።

አሰገደች፦ አሁን ወሩ ማን ነው?

ልሳነወርቅ፦ ጥር... የጽሕፈት ስህተት ነው እትዬ።

አሰገደች፦ የጽሕፈት ስህተት ፊደል ሲጎድል ነው። አንተ ሰው ነው የጨመርከው። ቅዳሜ ይህን ስትለጥፉ የዕድራችን ዳኛ ቤቴ ድረስ መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰውዬሽ ስብሰባ የሚገባ ከሆነ ድንኳኑን ለምን አስተከልሽን?»

ልሳነወርቅ፦ እሳቸው እንኳ ቀልደኛ ናቸው።

አሰገደች፦ ጎረቤቴ ግን አልቀለደችም። «ከተማ ድረስ መጥቶ ቤቱን ሳያይ መመለሱ!» ብላ ከልቧ አዘነችልኝ።

ልሳነወርቅ፦ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉት፤ አፈ ጉባኤው ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። እውነቱን ልንገርዎት?

አሰገደች፦ ካለህ።

ልሳነወርቅ፦ አጀንዳው ሰኞ ይደርሰኛል። ቃለ ጉባኤውን ማክሰኞ እጽፈዋለሁ።

አሰገደች፦ ስብሰባው ሐሙስ አይደለም እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ ነው።

አሰገደች፦ ሰዉ ሳይሰበሰብ ነው የምትጽፈው?

ልሳነወርቅ፦ አሥራ ስምንት ዓመት ሠራሁ እትዬ፤ አንድም ቀን ስብሰባው እኔ ከጻፍኩት ወጥቶ አያውቅም። አፈ ጉባኤው ይከፍታሉ፤ አንዱ ያብራራል፤ ሁለተኛው ይደግፋል፤ እኔ «ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» እላለሁ። ስሙን ካለፈው መገልበጥ ብቻ ነው፤ ከእርሳቸው ሞት ወዲህ ደግሞ ስንሰበሰብ የመጀመሪያችን ነበር። እርሳቸው ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበሩ፤ እጄ ለመደ።

አሰገደች፦ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ። እና ሐሙስ ዕለት ሰፊው ውይይት ምን ነበር?

ልሳነወርቅ፦ ማን ይናገራል ብለው ነው? ሻይ ጠጡ፣ እጅ አወጡ፣ ሄዱ።

አሰገደች፦ በል ወደ ላይ መለስ በል። አጀንዳ አንድን አንብብ።

ልሳነወርቅ፦ አጀንዳ አንድ... ወይ የኔ ነገር!

አሰገደች፦ ጮክ ብለህ።

ልሳነወርቅ፦ «በሞት ለተለዩን የምክር ቤታችን አባል ለአቶ ውቤ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደርጓል።» ይቺን አፈ ጉባኤው ኋላ ነው «ጨምራት» ያሉኝ። ጨመርኳት። ታችኛውን ግን አላየሁትም።

አሰገደች፦ አጀንዳ አንድ ላይ ቆማችሁ ጸለያችሁለት። አጀንዳ ሦስት ላይ ተነስቶ ደገፋችሁ። እንግዲህ አጀንዳ ሁለት ላይ ነው የተነሳው?

ልሳነወርቅ፦ አጀንዳ ሁለት የመናኸሪያው መጸዳጃ ቤት ነበር።

አሰገደች፦ አልዓዛርን ያስነሳው ጌታ እንኳ መቃብሩ ድረስ ሄዷል። አንተ ከወንበርህ አልተነሳህም!

ልሳነወርቅ፦ በቃ ጥፋቴን አመንኩ። ሞተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ሰነድ ይዞ ወደ ዞን ይሄዳል። ከዚያ በፊት ስማቸውን አውጥቼ እንደገና አትመዋለሁ። እርስዎም ተሸኝተው፣ እርሳቸውም አርፈው፣ እኔም እንጀራዬን...

አሰገደች፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በእናትህ በሙሉነሽ ይሁንብህ፣ እንዳትዋሸኝ።

ልሳነወርቅ፦ እናቴን ምን አመጣት?

አሰገደች፦ የዛሬ ሦስት ዓመት የወል ግጦሻችን ለጠጠር መፍጫ ሲሰጥ፣ ሰሌዳው ላይ «አቶ ውቤ ደግፈዋል» የሚል ወረቀት ነበር። ያንንም ማክሰኞ ነው የጻፍከው?

ልሳነወርቅ፦ እትዬ...

አሰገደች፦ ማክሰኞ ነው ወይስ አይደለም?

ልሳነወርቅ፦ ማክሰኞ ነው።

አሰገደች፦ እሱስ ሐሙስ ዕለት ምን አለ?

ልሳነወርቅ፦ ተቃወሙ። ሁልጊዜ ይቃወሙ ነበር። አፈ ጉባኤው «ተቃውሞ ያለበት ቃለ ጉባኤ ከዞን ጥያቄ ያመጣል» ይላሉ። እኔም የጻፍኩትን አላፈርስም፤ ወረቀቱም አለቀ ይሉኛል፣ ቀለሙም...

አሰገደች፦ ዝም በል እስኪ። ቆይ ትንሽ።

ልሳነወርቅ፦ ውሃ ላምጣልዎት?

አሰገደች፦ ውሃህን ተወው። ያን ጊዜ ሰፈር ውስጥ ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ ፊት አዞሩበት። ማታ ማታ «አሰገዱ፣ በሥላሴ፣ ተቃውሜያለሁ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አይቻለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ወረቀት ይዋሻል ብዬ በምን አባቴ ልጠርጥር? «ውሸታም» አልኩት። ክረምቱን በሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ልሳነወርቅ፦ አያውቁማ።

አሰገደች፦ ሊሞት ሲል እንኳ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንብረት አላነሳም፤ «አሰገዱ፣ እውነቴን ነው እኮ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። «አመንኩህ» ግን አላልኩትም። ቅዳሜ ይህን ወረቀት ሳይ ነው የገባኝ፤ የሞተውን ያናገረ ሰው የቆመውን ምን ያላለውን አስብሎት ይሆን ብዬ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው ልጄ፤ በአንተም አይደለም፣ በራሴ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አንድ ነገር ላሳይዎት። ለማንም አይናገሩብኝ።

አሰገደች፦ ምንድን ነው ይሄ? የልጅ ደብተር?

ልሳነወርቅ፦ የራሴ ነው። ሰዉ ያለውን ያለውን በእርሳስ እጽፍበታለሁ። አንድ ቀን ብጠየቅ ብዬ ነው። ማንም ጠይቆኝ ግን አያውቅም።

አሰገደች፦ እኔ ጠየቅኩህ።

ልሳነወርቅ፦ ይኸው፣ የግጦሹ ቀን። «አቶ ውቤ፦ ድንጋይ መቶ ዓመት ቢቀመጥ አይርበውም። ላሜ ግን ማታ ትጮህብኛለች። እኔ አልደግፍም። አልደግፍም ማለቴንም ጻፍልኝ፤ ሚስቴ ትጠይቀኛለች።»

አሰገደች፦ እስኪ መጨረሻዋን ድገማት።

ልሳነወርቅ፦ «ጻፍልኝ፤ ሚስቴ ትጠይቀኛለች።» ሰዉ ስቆባቸው ነበር።

አሰገደች፦ እሱ ነው። ራሱ ውቤ ነው። አንተ የጻፍከው «ጠቀሜታውን በስፋት» የሚለው ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም። በል ይህን ገልብጥና ማኅተም ምታበት።

ልሳነወርቅ፦ የእርሳስ ጽሑፍ ላይ ማኅተም መምታት ከደንብ ውጭ ነው።

አሰገደች፦ ሙት ማስነሳት የስንተኛው አንቀጽ ነው?

ልሳነወርቅ፦ እሺ፣ እሺ... ይኸው። ቀለሙ እስኪደርቅ እንዳያጥፉት።

አሰገደች፦ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው እኔው ነኝ። አሁን የሐሙሱን አምጣና ባሌን አውጣልኝ።

ልሳነወርቅ፦ በደስታ! «ሁለተኛው ተናጋሪ» የሚለው ወጣ። ከስም ዝርዝሩም ወጡ። «ከአርባ አንድ አባላት ሃያ አንዱ ተገኝተዋል» የሚለው ደግሞ... ሃያ... ኧረ!

አሰገደች፦ ምን ሆንክ?

ልሳነወርቅ፦ ሃያ ሆኑ።

አሰገደች፦ ቢሆኑስ?

ልሳነወርቅ፦ ምልአተ ጉባኤ አይሞላማ! ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ስብሰባው ስብሰባ አይባልም። ሐሙስ ዕለት አፈ ጉባኤው «ሞልቷል?» ሲሉኝ የማክሰኞውን ወረቀት አይቼ «ሞልቷል» አልኳቸው!

አሰገደች፦ ስብሰባው ስብሰባ ካልሆነ ገበያውስ?

ልሳነወርቅ፦ ገበያው... ካለበት አልተነቃነቀም።

አሰገደች፦ እኔ ቅዳሜ ማታ ስሙን በጣቴ ቆጥሬ ደርሼበታለሁ። አንተ እስክትደርስበት ነው የቆምኩት። አሁን ልቀመጥ።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ፣ እስኪ ተረጋግተን እንነጋገር። ውቤ ቢቆዩስ? ለክብራቸውም ቢሆን! ከሞቱ በኋላ እንኳ ለሕዝብ ሲያስቡ...

አሰገደች፦ ይቆይ ካልክ እኔም ወደ ዞን በሚሄደው ሞተር ላይ ከኋላ እፈናጠጣለሁ። የዞን ሰዎች አጀንዳ አንድንም ማንበብ ይችሉ ይሆናል።

ልሳነወርቅ፦ ባወጣቸው ገበያው ቀረ። ብተዋቸው እኔ ቀረሁ።

አሰገደች፦ መምረጥ ያንተ ነው። ከዋርካው እዚህ ድረስ ገንቦ አዝሎ መምጣት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃለህ? አራት ሰዓት። ስንት ገንቦ ሳይሰበር ይደርሳል? የእነዚያ ሴቶች ማክሰኞ ነው እጅህ ላይ ያለው። እናትህም ገንቦ ሸጣ ነው ያሳደገችህ፤ እዚያው ዋርካ ሥር።

ልሳነወርቅ፦ እናቴን ደግሞ መለሷት!

አሰገደች፦ አልሄደችም እኮ።

ልሳነወርቅ፦ ምን ብዬ ልጻፍ?

አሰገደች፦ የሆነውን። ለመጀመሪያ ቀን ትቸገር ይሆናል እንጂ አትሞትም።

ልሳነወርቅ፦ «ምልአተ ጉባኤው ባለመሟላቱ... ስብሰባው አልተካሄደም። የተላለፈ ውሳኔ የለም።» ሁለት መስመር! እንዲህ ያለ አጭር ቃለ ጉባኤ በዘመኔ ጽፌ አላውቅም።

አሰገደች፦ እውነት ስንቅ አያበዛም። ማኅተሙን።

ልሳነወርቅ፦ ይኸው። ደስ ይበልዎት። ግን ላስቀይምዎት አልፈልግም እንጂ፣ ነገም ሐሙስ ነው። አጀንዳውን መልሰው ያመጡታል፤ የቀረውን አባል ሁሉ ስልክ ደውለው ይጠሩታል። ለገበያው የአንድ ቀን ዕድሜ ነው ያስጨመሩለት።

አሰገደች፦ ብርጭቆህ ሥር ያለው ፖስታ የማን ነው?

ልሳነወርቅ፦ ይሄ? ከእናንተ ቀበሌ ነው። ሰኞ መጣ። የተለመደ ሪፖርት ይሆናል ብዬ ነው።

አሰገደች፦ አንተን «የተለመደ» ነው የሚጨርስህ። ክፈተው።

ልሳነወርቅ፦ «እሑድ ዕለት በቀበሌያችን በተካሄደው የማሟያ ምርጫ፣ በአቶ ውቤ ምትክ የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆነው የተመረጡት ወይዘሮ...» እርስዎ?

አሰገደች፦ እኔ። ቅዳሜ ያን ወረቀት ባትለጥፍ ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር? እሑድ ሰዉ ድምፅ ሊሰጥ ሲመጣ እየሳቀም እየተናደደም ነበር። ቀስቃሼ አንተ ነህ፤ ውለታህን አልረሳም።

ልሳነወርቅ፦ አፈ ጉባኤው ይሄን አያውቁም!

አሰገደች፦ ነገ ያውቃሉ። «ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ነው» ብላችሁ በራችሁ ላይ ጽፋችኋል። የማክሰኞ ገበያተኛም ነገ ገንቦውን ይዞ ሊያዳምጥ ይመጣል፤ ወንበር ካልበቃ ገንቦው ላይ እንቀመጣለን ብለዋል። ለመሆኑ ቃለ ጉባኤውን ማክሰኞ ነው የምጽፈው አላልከኝም?

ልሳነወርቅ፦ ብያለሁ።

አሰገደች፦ ትናንት ማክሰኞ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ... ነበር።

አሰገደች፦ ስለዚህ የነገው ተጽፎ አልቋል።

ልሳነወርቅ፦ መሳቢያ ውስጥ ነው።

አሰገደች፦ ሁለተኛው ተናጋሪ ማን ነው?

ልሳነወርቅ፦ እትዬ አሰገደች፣ በማርያም...

አሰገደች፦ ማን ነው አልኩህ?

ልሳነወርቅ፦ አቶ ውቤ።

አሰገደች፦ ሰርዝና የእኔን ስም ጻፍ። ከስሜ በታች ያለውን ገጽ ግን ባዶ ተወው፤ ነገ መጥቼ እኔው ስናገር በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ትሞላዋለህ።