ሙያ በግድግዳ ውስጥ

እታገኘሁ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ገብታ ከጎረቤቷ ከአያ ዳኛው አጠገብ እንደተቀመጠች፣ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ጥቁር ባርኔጣ አየች። ባለ ባርኔጣው የሴት ልጇ ባል አባት ናቸው። ልጇ ሚስጥር ከእኒህ ሰው ቤት ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ከተመለሰች ወር ሊሞላት ነው። እታገኘሁ ሰላም አላለቻቸውም። ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ አያ ዳኛው አዞረችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እንዴት አደሩ አያ ዳኛው? ወገብዎን ተሻለዎት? ዘንድሮ ብርዱስ ከበደ... እናንተ ቤትም ያ የፋይበር ኢንተርኔት ገባ አሉ። ሸጋ ነው። ቴሌቪዥኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል ይባላል... ሁሉም ቤት ባይሆን።

«አንድ ሰው አሉ፤ አንቱ አያውቋቸውም። እንዴት ያሉ ባለሙያ መሰሉዎት? ቤታቸውን ሲሠሩ የመብራቱንም የስልኩንም ሽቦ በገዛ እጃቸው ዘርግተው፣ ልስን አስለስነውበት፣ አንዲት ክር ከውጭ አትታይም። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ግን በግድግዳ ውስጥ ነው። ፋይበሩን የሚያስገቡት ልጆች መጥተው ‹አባቴ፣ እስከ ሳሎን አዲስ መስመር እንዘርጋልዎ› ቢሏቸው፣ ‹ምነው፣ ግድግዳዬን ልትበሱት ነው?› ብለው ከበር መለሷቸው፤ ልጆቹም መስመሩን በሩ ላይ ባለች ሳጥን አቁመው ሄዱ። ከበሩ ወዲህ ያለውንማ ራሳቸው ከድሮው የስልክ ሽቦ ጋር ቀጣጠሉት፤ በፕላስተር ጠቅልለው። ዋይፋዩንም ሌባ እንዳያየው ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት... ጥንቃቄ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

«ቴሌቪዥኑ ታዲያ ቅዳሴው መሀል ቀጥ ይላል። ቄሱ እጃቸውን እንዳነሱ ይቀራሉ። ጥፋቱ የማን ሆነ ይመስልዎታል? የምራታቸው። ስልኳን እየነካካች መስመሩን ጨረሰችው ተባለች። ስልኳን ቀሟት። ቀጥሎ ‹እግሯ ደረቅ ነው፤ እሷ ከገባች ወዲህ ነው ቤቱ ያልቀናው› መጣ። ያኔ ሻንጣዋን አነሳች። የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሳይ አንጀቴ ያርራል፣ አያ ዳኛው... ግን እኔ ምን አገባኝ?

«እሷ ከወጣች ወዲህስ ቴሌቪዥኑ የዳነ ይመስልዎታል? እንዲያውም ባሰበት አሉ። በኋላ ልጃቸው ባለሙያ ጠርቶ የመስመሩን ጉልበት ቢያስለካ፣ በሩ ላይ ሙሉ፣ ሳሎን ሲደርስ ሲሶውም የለ። ‹ከደጅ የመጣውስ ደህና ነበር፤ የደከመው ቤት ውስጥ ነው› አለ ባለሙያው... ስለ መስመሩ ነው የተናገረው፣ ሌላ እንዳይመስልዎ። ግድግዳው ይከፈት ቢባል ‹እኔ ሳልሞት አይነካም› አሉ። ጎበዝ ናቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እሳቸው ደግሞ ግድግዳው እንዳይነቀነቅ ቤተሰቡን ነቀነቁት።

«ልጃቸው? እሱማ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ሚስቱ ዘንድ ነው። ባሕር ዳር ሥራ አግኝቷል፤ በዚህ ሳምንት ጠቅልለው ይሄዳሉ። እሷም... ለካ በሆዷ ይዛ ኖሯል የወጣችው። እግሯ ደረቅ ነው ያሉት ሰው ይህን እስካሁን አልሰሙም። ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?»

ጥቁሩ ባርኔጣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። እታገኘሁ እንዳላየች ሆና ከአያ ዳኛው ትከሻ ላይ አቧራ አራገፈች።

«እኔ መቼም ቂም አላውቅም፣ አያ ዳኛው። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ግድግዳቸውን ሳይሰነጠቅ ያኑርላቸው። የልጅ ልጃቸውንም ሲስቅ፣ ሲድህ፣ ‹አባባ› ሲል፣ እዚያው ሳሎናቸው ተቀምጠው በቪዲዮ ለማየት ያብቃቸው... አሜን ይበሉ እንጂ።»